ታንኩን ሞልቼ መለስኩት

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ልጄ ማኅሌት ኩሽና ቁጭ ብላ፣ «ዳድ፣ ከሁሉም ሃርድ የሆነብህ መኪና የትኛው ነው?» አለችኝ። ሞተሩ የተበተነውን ወይም ካምቢዮው የደቀቀውን አንዱን እነግራታለሁ ብላ ጠብቃ ነበር። እኔ ግን ሳላቅማማ፣ «የጋሼ መኮንን ፒክአፕ። የነዳጅ ጌጁ» አልኳት።

«ጌጅ? ዛትስ ኢት?» ብላ ሳቀች።

አዎ፣ ጌጅ። ከትንሽ ጣቴ የምታንስ ቀስት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ብረት ስፈታና ስገጥም፣ በእኔ ጥፋት ሰው ሊሞት የደረሰው በእሷ ሰበብ ነው፤ ያውም ሌላ ሰው ሳይሆን እትዬ ብርሃኔ። ልጄ ይህን ታሪክ አታውቀውም። ያኔ ትንሽ ነበረች፣ እኔም አፌን ሞልቼ አውርቼው አላውቅም። አሁን ጉልበቴ ከመኪና ሥር አላስገባም ብሎኛል፤ አዲሱ መኪና ሁሉ በባትሪ የሚሄድ ሆኖ እኔና እሱ አንተዋወቅም። እጄ ሥራ ከፈታ አይቀር ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ መርካቶ አጠገብ ባለ አንድ ጋራዥ ነው። አለቃችን መኪናውን ሳያይ ምርመራውን የሚጨርስ ሰው ነበር። ባለቤቱ ገና በር ላይ ሆኖ «እምቢ አለኝ» ሲል፣ እሱ ከወዲህ ሆኖ «ፍሪሲዮን ነው!» ይላል። ይወርዳል፣ ይቀየራል። ካልሆነ ሌላ ይቀየራል። የኋላ ኋላ አንዱ ላይ መድረሳችን አይቀርም። እውነቱን ለመናገር እጄን ያፍታታልኝ እሱ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ቡሎን እፈታለሁ። ጭንቅላቴን ግን ብዙም አላስቸገረውም።

ከዚያ ዲቪ ደረሰን። እኔና ባለቤቴ ጽጌ የስምንት ወር ልጅ ታቅፈን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ስንወርድ አንድም የምናውቀው ሰው አልነበረም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በስልክ ያገናኙን ጋሼ መኮንንና ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ ኤርፖርት መጥተው ተቀበሉን። ዋይትሆል የሚባል ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነበራቸው፤ አንዱን መኝታ ለቀቁልን። «እስክትቋቋሙ ድረስ» አሉን፣ አምስት ወር ተቀመጥን። እትዬ ብርሃኔ ጽጌን ክሊኒክ ያመላልሷታል፣ ማኅሌትን አዝለው ያስተኟታል። ስለ ኪራይ አፌን ስከፍት ጋሼ መኮንን፣ «ዝም በል እንጂ አንተ! ነውር አይደለም እንዴ?» ብለው አስደነገጡኝ። ያን ውለታ በምን እንደምመልስ ዓመታት ሳስብ ኖርኩ። ይህን የማወራው የሠራሁትን ጥፋት ለመሸፋፈን አይደለም፤ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ አሥር ሰዓት ቆሞ ካርቶን ስካን ማድረግ። ሁለት ዓመት ቻልኩት። በክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ስመላለስ ሊንደን ሰፈር ሁለት በር ያላት ጋራዥ አይ ነበርና አንድ ቀን ድንገት ደወሉን ጎትቼ ወረድኩ። ባለቤቱ ኤርል የሚባል ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው፤ ስቴኪኒ ከአፉ አይለይም። ሥራ እንደምፈልግ ነገርኩት። እዚያው አንዲት ሴትዮ መኪናዋ አልነሣ ብሏት ቆማለች።

«መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ።

«ባትሪውን አያለሁ» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«አይደለም። መጀመሪያ እሷን ትጠይቃለህ» አለና ወደ ሴትዮዋ ዞሮ መኪናው ሲጠፋባት ምን እያደረገች እንደነበር፣ ምን እንደሰማች፣ ምን እንደሸተታት አንድ በአንድ ጠየቃት። እኔን የረሳኝ መስሎኝ ልሄድ ስል ዞር ሳይል፣ «ሰኞ ና» አለኝ። ደሞዙ ከዌርሃውሱ ያንስ ነበር። ጽጌ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

እኔ «ጋሽ ኤርል» እለው ነበር። ትርጉሙን ሲጠይቀኝ «ታላቅ ወንድም ማለት ነው» አልኩት፤ ደስ አለው መሰለኝ ከዚያ በኋላ ስልክ ሲያነሣ እንኳ «ጋሽ ኤርል ነኝ» ማለት ጀመረ፤ ደንበኞቹ ግራ ይጋባሉ። የደንበኛ መኪና ውስጥ ከመቀመጡ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል። ዕቃ ገዝቶ ከመቀየሩ በፊት ሦስት ጊዜ ይለካል። ሰውን ማድመጡ ደግሞ ጉድ ነው። አንድ የቤክስሊ ሰፈር ሰውዬ መኪናው እሁድ እሁድ ብቻ «ሲጢጥ» ይላል ብሎ መጣ። እኔ በሆዴ «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም» አልኩ። ጋሽ ኤርል ግን እሁድ ማንን እንደሚጭን ጠየቀው። አማቱን ነው፤ ከኋላ በግራ በኩል ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ደልደል ያሉ ናቸው። ጋሽ ኤርል ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ እዚያ ቦታ ላይ ጭኖ ሲነዳው «ሲጢጥ!» አለ። የወንበሩ ቡሎን ላልቶ ነበር። ሰውዬው ለአማቱ ምን ብሎ እንደነገራቸው አላውቅም።

የነዳጅ ጌጅ የሚዋሽ መኪና ሲመጣ ደግሞ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ታንኩ ውስጥ ያለውን ነዳጅ በሙሉ ቀድቶ፣ ለክቶ በጀሪካን ያስቀምጣል። ባዶውን ያያል። ከዚያ አንዳንድ ጋሎን እየጨመረ፣ በጨመረ ቁጥር ቀስቷ የቆመችበትን ቦታ ጌጁ መስታወት ላይ በለጠፈው የወረቀት ፕላስተር በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ባዶ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ እያለ እስከ ሙሉ። ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሲጨርስ ለሙከራ የጨመረውን የራሱን ነዳጅ መልሶ ይቀዳና መኪናውን ልክ ይዞት የመጣውን ያህል ነዳጅ ትቶለት ይሰጠዋል።

እኔ ይቺን ማየት ያሳፍረኝ ነበር። እንዴ! ሰው መኪናውን አምኖ ሰጥቶህ፣ የጨመርክለትን መልሰህ ትቀዳለህ? በእኛ ዘንድ ጎረቤት በሳህን አንድ ነገር ቢልክልህ ሳህኑን ባዶ አትመልስም፤ ቢጠፋ ቢጠፋ ቆሎ ታደርግበታለህ። «የኛ ጋሽ ኤርል፣ ሙያው ወርቅ ነው፤ ምን ያደርጋል ገብጋባ ነው» እላት ነበር ጽጌን። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልኩ አማሁት።

በሰባተኛው ዓመት እትዬ ብርሃኔ ኩላሊታቸው ደከመ። በሳምንት ሦስት ጠዋት ዲያሊስስ ይሄዳሉ፤ ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ተኝተው ደማቸው ታጥቦ ይመለሳሉ። አንድ ቀን እንኳ ከቀረባቸው ከሰውነታቸው ያልወጣው ውኃ ሳንባቸው ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ሐኪማቸው በግልጽ ነግሯቸዋል። የሚያመላልሷቸው ጋሼ መኮንን ናቸው፤ መኪናቸው ደግሞ ያረጀ ፒክአፕ፣ ያውም ሶፋና ፍሪጅ ሲጭኑበት የኖሩት።

በኅዳር ወር አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጋሼ መኮንን ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ደረጀ፣ ይቺ የነዳጅ ቀስት እንዳሻት ሆናብኛለች። ግማሽ ላይ ትቆምና ድንገት ወደ ሙሉ ትዘላለች፤ ደግሞ ተመልሳ ትወርዳለች። ብርሃኔን ይዤ መንገድ ላይ እንዳያልቅብኝ ፈራሁ» አሉኝ።

«ቅዳሜ ያምጡልኝ ጋሼ። ያልቅልዎታል» አልኩ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ውለታ መክፈያዬ ደረሰ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጋሽ ኤርል አይመጣም፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ፒክአፑን አንሥቼ ሥሩ ገባሁ። በስኖው ጊዜ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ሆዱን በልቶት ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። መጀመሪያ ከታንኩ የሚመጣውን ሽቦ ነቀልኩ፤ ቀስቷ ወደ ሙሉ ተወረወረች። ያንኑ ሽቦ ንጹሕ ብረት ላይ አስነካሁት፤ ወደ ባዶ ወረደች። እንግዲህ ጌጁም ሽቦውም ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ በሽታው ታንኩ ውስጥ ነው። ታንኩን አወረድኩ።

ለማያውቅ ሰው፦ ታንክ ውስጥ በዘንግ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊ አለ። ነዳጁ ሲጨምር ዘንጉ ይነሣል፣ ሲቀንስ ይወርዳል። የዘንጉ ሌላ ጫፍ ኤሌክትሪክ በምታልፍባት ቀጭን ሰሌዳ ላይ ይንሸራተታል። በዚህ መኪና ነዳጅ ሲበዛ ሰሌዳዋ ኤሌክትሪኩን አብዝታ ትገታለች፣ ሲያልቅ ትለቀዋለች፤ ጌጁ የሚያነበው ያንን መገታት ነው። የጋሼ መኮንን ሰሌዳ መሃሉ ላይ ተልጦ አገኘሁት። «ያዝኩህ!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ። ከታንኩ ወጥታ ሻንሲው ላይ የምትታሰረውን ጥቁሯን የግራውንድ ሽቦ በነበረችበት በዛገው ቡሎን መልሼ አሰርኳት። ታንኩን ሰቀልኩ።

ጋሽ ኤርል ቢሆን ሥራው ገና እዚህ ላይ ነበር የሚጀመረው። እኔ ታንኩን ሳየው ነዳጁ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። የእነ ጋሼ መኮንንን መኪና ባዶዋን ልመልስ? ምን ሰው ይለኛል! ነድቼ ነዳጅ ማደያ ወሰድኩና እስከ አፉ ሞላሁት። ቀስቷ ወጣች፣ ወጣች፣ የሙሉ ምልክት የሆነችውን ኤፍን አልፋ ቆመች።

«ተትረፈረፈ!» ብዬ ሳቅሁ።

ያን ጊዜ ነበር ልትነግረኝ የሞከረችው። አዲስ ዕቃ የገባለት ጌጅ ኤፍ ላይ ይቆማል እንጂ ኤፍን አያልፍም። እኔ ግን ስለ ሥራዬ ሳይሆን ስለ ደግነቴ ነበር የማስበው። ጋሼ መኮንን መጥተው ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኪሳቸው ሲገቡ እጃቸውን ያዝኩ። «ከእርስዎ? ሞቼ ነው!» አልኳቸው። «እጅህ ይባረክ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየዘመርኩ ነው።

ከዚያ በጥር ወር አንድ እሁድ መጋቢያችን መድረክ ላይ ሆኖ፣ «ለእኅታችን ለብርሃኔ እንጸልይ፤ ሆስፒታል ገብታለች» አለ። ጸሎቱ ሳያልቅ ወጣሁ።

ክፍላቸው ስደርስ እትዬ ብርሃኔ አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተሰክቶ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አብጧል። ጋሼ መኮንን መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ምን እንደሆኑ ስጠይቅ ጋሼ ቀድመው፣ «ነዳጅ አለቀብን። እኔ ነኝ ዝንጉው» አሉ። ሐሙስ ጠዋት ወደ ዲያሊስስ ሲሄዱ ቱ ሰቨንቲ ሃይዌይ ላይ፣ ስኖው እየጣለ ፒክአፑ ጠፋባቸው። የሚጎትት መኪና እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ያለ ማሞቂያ ተቀመጡ። ተራቸው አለፈ። ለማግስቱ ቀጠሯቸው፤ ማግስቱ ሳይደርስ ትንፋሽ አጠራቸው።

«ነዳጅ? ጌጁስ?» አልኩ።

ጋሼ መኮንን ወደ ውጭ ማየታቸውን ቀጠሉ። እትዬ ብርሃኔ ግን በቀጭን ድምፅ፣ «ከታንክስጊቪንግ በዓል ጀምሮ ይዋሻል፣ ደረጀ። ሩብ አለኝ ሲል ባዶ ነው» አሉ።

«ብርሃኔ!» ብለው ጋሼ ተቆጡ፤ ገመናቸውን ያወጡባቸው ያህል።

ለካ ታንኩን ከሞላሁላቸው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቤታቸው በር ላይ አንዴ አልቆባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ማይል እየቆጠሩ ነበር የሚነዱት። ያን ሳምንት ግን ለቤተ ክርስቲያን ወንበር ሲያመላልሱ ሰንብተው ያንን መቁጠር ረሱ። ሐሙስ ቀስቷ ከሩብ በላይ ስለነበረች ሞተሩ የተቃጠለ መሰላቸው እንጂ ነዳጅ ብለው አልጠረጠሩም።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ነርሷ ዞር ብላ አየችኝ።

«ምን ብዬ?» አሉ ጋሼ መኮንን፤ አሁን ፊታቸውን አዞሩ። «ዕቃውን ከኪስህ ገዝተህ፣ ሰንበትህን ሠርተህ፣ ታንኩን ሞልተህ ሰጥተኸኝ፣ ተመልሼ መጥቼ 'አልሠራህም' ልበልህ? ሰው አይደለሁም እንዴ?»

ክው አልኩ። እኔም ብሆን ያንኑ ነው የማደርገው። እነሱ ቤት ሳለን ማሞቂያው ሌሊት እያፈነን አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን መስኮት ከፍተን አናውቅም፤ ቅር እንዳይላቸው። ተሰናብቻቸው ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበር አልኩ።

ሰኞ ለጋሽ ኤርል ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አዳመጠኝና፣ «ባዶ ሆኖ አየኸው?» አለኝ።

«አላየሁትም።»

«ለምን?»

«ሞላሁታ።»

«ለምን ሞላኸው?»

የሳህኑን ነገር ነገርኩት። ባዶ መመለስ ነውር መሆኑን፣ እነዚህ ሰዎች ምን እንዳደረጉልኝ። ስቴኪኒውን ከአፉ አወጣ።

«ጥሩ ልማድ ነው» አለ፤ «ለሳህን።» ከዚያ፣ «እኔ ነዳጁን መልሼ የምቀዳው ለምን ይመስልሃል?» አለኝ።

መልሱን እንዴት ልንገረው!

«ሰው መኪናውን ሲረከብ ቀስቷን የሚያውቀው ቦታ ላይ ማየት አለበት። ስንት ነዳጅ ይዞ እንደመጣ ያውቃል፤ ልክ መሆኔን እዚያው ይፈርዳል። ሞልቼ ከሰጠሁት ቀስቷ ወርዳ ውሸቷ እስኪታወቅ ሳምንት ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ እሱንም ራሴንም እያታለልኩ ነው።»

ሰባት ዓመት በገብጋባነት ያማሁት ሰው! ሰው እንዴት እንዲህ አጠገቡ ያለውን ሳያውቅ ይኖራል?

ፒክአፑን አስመጣን፣ ነዳጁን ቀዳን። ታንኩ ደርቆ ቀስቷ ከሩብ በላይ ቆማለች። ወይ ድፍረት! አዲሱን ዕቃ ለብቻው ለካነው፤ ልክ ነው። ጌጁም ልክ ነው። ታዲያ ማን ነው የሚዋሸው? ጋሽ ኤርል የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የታንኩ ጥቁር ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጎ እንድለካ አዘዘኝ። ምንም ማሳየት ያልነበረበት ቴስተር ሃያ ምናምን ኦም መገታት አሳየ። ሽቦዋን በእጄ ተከትዬ ሄድኩ። መጨረሻዋ እኔው ራሴ መልሼ ያሰርኳት የዛገችው ቡሎን ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጌጁ መንገዱ ላይ ያለውን መገታት ሁሉ ደምሮ ነው የሚያነበው፤ ከሰሌዳዋ ይምጣ ከዝገቱ አይለይም። ያ ቡሎን ሥር የተጋገረውን ዝገት ነዳጅ ነው ብሎ ይቆጥረው ነበር። ስለዚህ ባዶው ሩብ ሆነ፣ ሙሉው ኤፍን አለፈ። ከመጀመሪያውም ሁለት ጥፋት ነበር፤ አንዱን ሳገኝ «ያዝኩህ» ብዬ ሌላውን መፈለግ ተውኩ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈገፈግኩት፣ ለሽቦዋ አዲስ ጫፍ አስገባሁ፣ ግሪስ ቀባሁት። አሥር ደቂቃ። ቀስቷ ባዶ ማለት የሆነችው ኢ ላይ ተኛች። ከዚያ ጋሎን በጋሎን፣ በፕላስተርና በእርሳስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ የለቀሙት እትዬ ብርሃኔ ናቸው።

እሳቸው ከሆስፒታል ወጡ። ግን ፒክአፑ ውስጥ አልገባም አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በተራ ያመላልሷቸው ጀመር፤ አንዱ ሥራ ሲገባ ሌላው ሲቀር፣ ሁለተኛ ቀጠሮ እንዳያመልጣቸው ሁላችንም ሠጋን። ቤታቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ አሁን ተሠርቷል» አልኳቸው።

«ያን ጊዜም ተሠርቷል ብለኸን ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

«ምን ባደርግ ያምኑኛል?»

«ሲያልቅ አሳየኝ» አሉ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ዋይትሆል ከተዘጋ ሱቅ ፊት ያለ ሰፊ ፓርኪንግ ወሰድኳቸው። ጋሼ መኮንን ጀሪካን ይዘው ጥጉ ላይ ቆሙ። እትዬ ብርሃኔ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከጎኔ ተቀመጡ። ታንኩ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው። ክብ እየሠራሁ እነዳለሁ፤ ሁለታችንም ዓይናችን ቀስቷ ላይ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሩብ ላይ ከጠፋ እነዚህን ሰዎች ለዘላለም እንዳጣኋቸው አውቃለሁ። ቀስቷ ሩብን አለፈች። ወረደች። ኢ ላይ ደረሰች። ከዚያ ሞተሩ አንዴ አሳለው፣ ደገመ፣ ጠፋ።

እትዬ ብርሃኔ ወደ ጌጁ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። «ሳትዋሽ አለቀች» አሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱ። «ስንት ነው?»

«እትዬ፣ እባክዎን...»

«ስንት ነው አልኩህ!»

«ከእርስዎማ አልቀበልም። አምስት ወር ያኖሩን ሰው...»

«እሱን ነው የምልህ!» ሲቆጡ ትንፋሽ አጠራቸውና አረፍ ብለው ቀጠሉ። «በነፃ ሠርተህ የመኮንንን አፍ ለጎምከው። እሱ እንዳያስቀይምህ፣ አንተ እንዳታስቀይመን፣ በመሃል እኔ ልሞት! አሁን ተቀበለኝ። የከፈልኩበት ሲበላሽ መጥቼ እጮህብሃለሁ።»

ዋጋ ነገርኳቸው። «በዛ» ብለው ተከራከሩኝ። ተቀበልኩ። ጋሼ መኮንን ጀሪካኑን ይዘው ሲመጡ ሁለታችንም ስንስቅ ስናለቅስ አገኙን።

እትዬ ብርሃኔ ቃላቸውን ጠበቁ። ስድስት ዓመት ጮኹብኝ። ጋሽ ኤርል ጋራዡን ዘግቶ እኔ ዋይትሆል የራሴን ጋራዥ ስከፍት ከዲያሊስስ መልስ ጎራ እያሉ ደንበኛ ፊት፣ «ይሄ በር አሁንም አይገጥምም፤ ከፍያለሁ!» ይሉኛል። በስልክም ኮል እያደረጉ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ሬዲዮው። አንድም ጊዜ ሳይከፍሉ አልሄዱም፣ አንድም ጊዜ ቅሬታ ውጠው አልቀሩም። ጋሼ መኮንን በዚያ ሁሉ ዓመት መሪው ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸውን ይደፋሉ።

እትዬ ብርሃኔ በመጋቢት አረፉ። ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ፒክአፑ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። ማርሚታውን የቀየርኩት በዚያው ሰሞን ነበር። ጋሼ መኮንን ወረዱ፤ ግራና ቀኝ አዩ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደረጀ» አሉ ጮክ ብለው፤ ጮክ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። «ማርሚታው አሁንም ያንኳኳል። ከፍያለሁ እኮ።»

«ይቅርታ ጋሼ። ያስገቡት» አልኳቸውና ክሪኩን ይዤ ከመኪናው ሥር ገባሁ።